የዕለቱ ላምፕ ጠባቂ

ባለፈው ጥር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጇን ስትድር እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ድግሱ የቀን ነበር። የድንኳኑ አንድ ጎን ክፍት ስለነበር የስድስት ሰዓት ፀሐይ ምግቡ እስከተደረደረበት ጠረጴዛ ድረስ ገብታለች። ሳህኔን ይዤ ተራዬ ደርሶ ወደ ወጡ ጎንበስ ስል፣ ከብረት ማሞቂያው ሥር የሚነድ አልኮል ሸተተኝ። ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሽታ ነው። ነበልባሉን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም። ፀሐይዋ ውጣዋለች። ከትንሿ ጣሳ በላይ ያለው አየር ብቻ ይርገበገባል። አስተናጋጁ ጣሳዋን ሊያነሣ እጁን ሲሰድ ክንዱን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት።

«ጠፍታለች እኮ» አለኝ እየሳቀ።

«አልጠፋችም» አልኩት። ድምፄ እንደ ቁጣ ሆኖ ስለወጣ ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። ሳህኔን ባዶውን አስቀምጬ ወጣሁና አንድ ግራር ሥር ቆምኩ። በዕድሜዬ ያስቀየምኩት ሰው ብዙ ይሆናል፤ እንዲህ ከሰው መሃል የሚያስወጣኝ ግን የአንዲት ልጅ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጁ እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ስሙ ይቆይ። የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ የምንለው ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ በምሥራቅ በኩል ነበሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በቀጥታ ትገባና ጠረጴዛዎቹ ላይ የተደረደረውን ጠርሙስ ሁሉ ታበራዋለች፤ አራት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። አንድ ማራገቢያ ነበረን፤ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቋ ይላል። በረኪና ይሸታል፣ ላብ ይሸታል፣ ከጓዳው ደግሞ ለባክቴሪያ ምግብነት የሚፈላው አጋር የተረሳ የሥጋ መረቅ ይሸታል። እስካሁን በረኪና በሸተተኝ ቁጥር የማራገቢያው ቋ ማለት አብሮ ይሰማኛል።

የቤተ ሙከራዋን ኃላፊ ሁላችንም እንፈራት፣ ሁላችንም እንጠላት ነበር። ከደጋ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ወደ ስድሳ የተጠጋች ሴት ናት። ድሬ ስንት ዓመት ኖራ ሙቀቱን አልለመደችውም፤ ከሙቀቱ የባሰ ደግሞ አፋችንን አልለመደችውም። ድሬ ላይ እንደምታውቁት አባትም አንተ ነው፣ አለቃም አንተ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ በየዋህነት «አንቺ ጋ ጓንት አለ?» ብሎ ቢጠይቃት በሩን ከፍታ አስወጣችው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆመችው። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊቷ «እርስዎ» እንላለን፣ ስትዞር «እሷ» እንላታለን። እኔም ይኸው እስከዛሬ እሷ እላታለሁ።

ደንቦቹን በእጇ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ጋዎን ሳይለብሱ መግባት የለም። ክፍት ጫማ የለም። ፀጉርም ሻሽም ይታሰራል፣ የሚንጠለጠል ነገር አይኖርም። ምግብ፣ ማስቲካ፣ እስክሪብቶ አፍ ውስጥ አይገባም። እጅ ሳይታጠቡ መውጣት የለም። በመጨረሻው መስመር ላይ በቀይ፣ የሚነድ ላምፕ ላይ አልኮል አይጨመርም፤ የአልኮል ጠርሙስ ላምፕ በበራበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም የሚል ነበረ። ጮክ ብላ አነበበችልንና አንድ በአንድ አስፈረመችን። «እዚህ ክፍል ውስጥ የሚጎዳችሁ ነገር አይታይም» አለችን። እኛ ተሕዋስያኑን ማለቷ መስሎን ነበር።

ላምፕ የምንላት የአልኮል ኩራዟን ነው፤ ባክቴሪያ የምንነካበትን ሽቦ አግለን ከጀርም የምናጸዳባት። ለየጠረጴዛው አንድ አንድ ነበረች። ለሁለት ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ስለሆነ በየተራ አንዳችን የዕለቱ ላምፕ ጠባቂ እንሆናለን። ጠባቂዋ ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ላምፗ ላይ ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂ ናት። ስሟም ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፋል።

አጠገቤ የመደበችልኝ ልጅ ሶማሌ ነበረች። አባቷ ቀፊራ ገበያ ውስጥ እህልና ጨው ይሸጡ ነበር። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አብራኝ ከተማረችው ጓደኛዬ ጋር መቀመጥ ነበር ያሰብኩት። ኃላፊዋን ለመንኳት፤ «እዚህ ወዳጅ አይመረጥም» ብላ በስም ዝርዝር ተራ ደለደለችን። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያዋ ቀን በልጅቷ ላይ አኮረፍኩ። እሷ ምን አደረገችኝ? ምንም። ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ ፈገግ አለችልኝ፤ እኔ ደብተሬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

እኔ የባቡር ሠራተኞች ሠፈር የከዚራ ልጅ ነኝ። አያቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ጥገና ላይ የሠሩ፣ አባቴ የቢሮ ሰው። ቤታችን ውስጥ በአማርኛችን እንኮራ ነበር፤ የጎረቤት አማርኛ እየቀዳን እራት ላይ መሳቅ የቤተሰባችን ጨዋታ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ አማርኛው ላይ ግን ትደናቀፋለች። ይህን ባወቅሁባት ጊዜ ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ እጇ ከእጄ ስለሚበልጥ ነው። የቀይ ሽንኩርቱን ስስ ልጣጭ ሳይሸበሸብ መስታወቱ ላይ ታነጥፈዋለች፤ ማይክሮስኮፑን ሁለት ጊዜ ነካ አድርጋ ታስተካክለዋለች። እኔ የገዛ ሽፋሽፍቴ ነበር የሚታየኝ። እሷ ሐምራዊዎቹን ሕዋሳት እንደ ሸክላ ጡብ ደርድራ ስትሥላቸው በጎን እያየሁ እበግን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የኦስሞሲስ ትምህርት መጣ። መምህሩ ወጣት ሰው ነው፤ ሳቅ ይወዳል፣ ክፍል ውስጥ ሲሳቅ እሱን የወደድነው ይመስለዋል። ድንችና ጨው ከየቤታችን እንድናመጣ አዝዞን ነበር። ድንቹን እኔ አመጣሁ፤ ጨዉን እሷ ከአባቷ ሱቅ በላስቲክ ቋጥራ አመጣች። ከድንቹ እኩል እኩል ጣት የሚያክሉ ቆርጠን አንዱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ነከርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስናወጣቸው በንጹሑ ውሃ የቆየው ወፍሮ ጠጥሯል፤ በጨዉ የቆየው ልፍስፍስ ብሎ እንደ ጎማ ይታጠፋል። መምህሩ ጠረጴዛችን ጋ መጥቶ ያንን የላላውን አነሣና ምን እንደሆነ እንድታስረዳ ልጅቷን ጠየቃት።

ተነሣች። ጣቷን ወደ ብርጭቆው ቀስራ «ይሄ ውሃ… ድንቹን ጠጣው» አለች።

ድንቹ ውሃውን ጠጣ ለማለት ፈልጋ ቃሉን የገለበጠችው መሰለን። ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ ብቻ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት፤ ሌላው እኔን ተከትሎ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። እሷ ቆማ ቀረች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይመታ ነበር። በማግስቱ በኮሪደሩ ስታልፍ «ድንቹን ጠጣው!» የሚላት አልጠፋም። ስሟ ሆነ። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

አሁን እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ይህንኑ ድንች በየዓመቱ እቆርጣለሁ። ያስተማርኩበት ሦስተኛው ዓመት ይሁን አራተኛው፣ ሰሌዳው ላይ ቀስት ስሥል ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ጨው የበዛበት ውሃ የድንቹን ውሃ ስቦ ያወጣል። ውሃው ነው ድንቹን የጠጣው። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ነገሩ የገባው ለእሷ ብቻ ነበር፤ ባልሆነ አማርኛ የተናገረች መስሎን ትክክለኛውን ነገር ሳቅንበት። ተማሪዎቼ ጠመኔ ይዤ ስቆም ግራ ገብቷቸው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ ከድንቹ ቀን በኋላ ሁለታችን ጠላቶች ሆንን። እሷ አልቅሳ የምትተው አልነበረችም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነጭ የቁስል ፕላስተር አውጥታ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ከፈለችው። «ያንቺ ያ፣ የኔ ይሄ» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። አብረን የምንሠራውን ለየብቻ እንሠራለን፤ እስክሪብቶዬ ተንከባልሎ ወደ እሷ ካለፈ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፍታ ትመልስልኛለች፣ በእጇ አትነካውም። እኔ የእሷን ስላይድ «ሳላውቅ» ክርኔን አስነካበታለሁ። እሷ ማይክሮስኮፑን ስትጨርስ ሆን ብላ ታዛባዋለች። አጋር በሚባለው ነገር ላይ ባክቴሪያ ስናሳድግ ከረምን እንጂ እኛ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አጋር አልነበርንም።

ኃላፊዋ ፕላስተሩን አይታዋለች። እንድንታረቅም አላዘዘችን፣ አልለየችንም። አንድ ቀን ብቻ ጠረጴዛችን ጋ ቆም ብላ፣ ላምፕ የበራበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው የሚቀመጠው አንዱ ያላየውን ሌላው እንዲያይለት እንደሆነ ነገረችንና ሄደች። እኛ ደግሞ ላለመተያየት ተማምለን ነበር።

ነገሩ የሆነበት ቀን ሐሙስ ነበር። ሰሌዳው ላይ የልጅቷ ስም ተጽፏል፤ ተራው የእሷ ነው። ሥራችን ሽቦዋን አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ከባክቴሪያው ነካ አድርጎ አጋሩ ላይ መስመር መስመር እያደረጉ መጫር ነው። ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ይታረምለታል። ኃላፊዋ በጠዋቱ ላምፖቹን ስትሞላ ቆይታ የአልኮሉን ጠርሙስ እኛ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ትታው ወጥታ ነበር፤ ጓንት አልሰጥም ካላት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ድምጿ ከውጭ ይሰማናል። መምህሩ ስልክ ሊያወራ በረንዳ ላይ ነው። ልጅቷ ላምፗን አብርታ ፔትሪ ዲሾቹን፣ አጋሩ የረጋባቸውን የመስታወት ሳህኖች፣ ልታመጣ ወደ ጓዳው ሄደች።

ፀሐይዋ በመስኮቱ በቀጥታ እኔ ላይ ነበረች። ሽቦዬን ወደ ላምፗ ሳስጠጋ አልቀላም። አየሁ፤ ነበልባል የለም። ክሩ ደርቆ ጠቁሯል። ኃላፊዋ የእኛን ሳትሞላት ቀርታ ላምፗ ጠፍታለች አልኩ። እሷን ጠብቄ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ ጠባቂዋ እሷ ናት። ግን እሷን መጠበቅ ማለት እሷን ማናገር ነው፤ ደግሞም ቀድሜያት ልጨርስ ፈለግሁ። ፕላስተሩን ተሻግሬ የላምፗን አንገት ፈታ አደረግሁና ጠርሙሱን አነሣሁ።

«ማያ!»

ከጓዳው በር ላይ ነው የጮኸችው። በሶማሊኛ «አይሆንም» ማለቷ ነው። ድሬ ተወልዶ ያደገ ማንም ሰው ይህን ቃል ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እሷ ጥላው ውስጥ ስለነበረች ለእኔ ያልታየኝ ሰማያዊ ነበልባል ታይቷታል። ሰምቻታለሁ። እጄን ማቆም እችል ነበር። እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም፤ ለአንድ አፍታ በውስጤ ያለፈው «እሷ ብሎ አዛዥ» የሚል ነበር። ቀዳሁት።

ድምፁ እንደ ትልቅ ጨርቅ መቀደድ ነው። ዲሾቹ ወለሉ ላይ ሲሰባበሩ ሰማሁ፤ በክንዷ እጄን መታችውና ጠርሙሱ ከፊቴ ራቀ። የፈሰሰው በእሷ እጅጌ ላይ ነው። ጋዎኑ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ነደደ፤ ወደ ጥላው ስታፈገፍግ እሳቱ በደንብ ታየኝ፤ ሰማያዊ፣ ከዚያ ብጫ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከጎናችን የነበረ ልጅ ጋዎኑን አውልቆ ጠቅልሎ አጠፋላት። የኔ ቅንድብ እንኳ አልተለበለበም። የሷ ክንድ ባይመጣ ፊቴ ነበር።

ኃላፊዋ እየሮጠች ገባች። የውሃ ቧንቧው በዚያ ሰሞን ደርቆ ስለነበር ልጅቷን በርሜሉ ጋ አስቀምጣ በጣሳ እየቀዳች ክንዷ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ቢመጣ «ከዚህ ጥፋ!» ብላ አባረረችው። ሳታቋርጥ ታፈሳለች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ውሃው ወለሉ ላይ በተሰበረው አጋር መሃል ይወርዳል። ኃላፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀች፤ «ማን ነው የጨመረው?»

ልጅቷ አየችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ላምፗ የእሷ ናት» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ስሟ አለ። እውነት የሆነ ቃል መርጬ ነው የዋሸሁት።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ጠሩን። እኔ ቀደም ብዬ በጽሑፍ ሁለት መስመር ሰጥቻለሁ፤ የዕለቱ ጠባቂ እሷ እንደነበረች፣ ላምፗን እንደበራች ትታ እንደሄደች። ጥግ ላይ ተቀምጬ እሷ ስትጠየቅ ሰማሁ። ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ታስሯል። ላምፗን አንቺ ነሽ ያበራሽው አሏት፤ አዎ አለች። ጥለሻት ሄደሻል አሏት፤ አዎ አለች። ከዚያ የሆነውን እንድታስረዳ ጠየቋት። አፏን ከፈተች። ረጅም ጊዜ ጠበቋት። መልሳ ዘጋችው። አንደኛው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። እኔ ጉልበቴን ጨብጬ፣ አሁን ትናገራለች፣ አሁን አለቀልኝ እያልኩ ነበር። አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ወሰዱት። በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብላ ከኮርሱ ታገደች፤ ዓመቱን ልትደግም ተወሰነ። አልደገመችም። ቀረች።

ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨረስኩ። ጋዎን በምንመልስበት የመጨረሻ ቀን ኃላፊዋ ጓዳው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጋዎኔን ተቀብላ አጠፈች፣ እንደገና ፈትታ አጠፈች። ከዚያ ሳታየኝ፣ «ጠርሙሱን ሳልቆልፍ መውጣቴን አንቺ አልጻፍሽም። የላምፗ አንገት የተፈታው ባንቺ እጅ መሆኑን እኔ አልጻፍኩም። ተቻችለናል። ሂጂ» አለችኝ። ጡረታዋ ሁለት ዓመት እንደቀረው በኋላ ሰማሁ። ያን ሁሉ ደንብ ስትጮህብን የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ጓዳ የወጣሁት በጥላቻ ነው፤ እሷን ጠልቼ። ራሴን ለመጥላት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ሠርጉ ከሆነ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ቀፊራ ወረድኩ። የልጅቷ አባት ሱቅ የት እንደሆነ ሁልጊዜም አውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው በዚያ መስመር የማላልፈው። ሱቁ ያው ነው፤ በጨው ጆንያ፣ በምስር፣ በፓስታ ካርቶን ታጭቋል። ሚዛኑ ጀርባ ቆማለች። ወፍራለች፤ እጅጌው እስከ አንጓ የሚወርድ ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች። አንድ ደንበኛ ምስር እያስመዘነ ነበር።

«ምን ልስጥሽ?» አለችኝ።

ያላወቀችኝ መሰለኝና «እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቄሻለሁ። ምን ልስጥሽ ነው ያልኩሽ።»

አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ሆኗል፤ ከእኔ ይፈጥናል። እየመዘነች፣ መልስ እየሰጠች፣ እየቋጠረች ሰማችኝ። የጻፍኩትን ነገርኳት። የሰማሁትን «ማያ» ነገርኳት። የድንቹንም ነገርኳት፤ ትክክል የነበረችው እሷ እንደሆነች። በዚህ አልተደነቀችም። ኮሌጁ ድረስ ሄጄ እውነቱን በጽሑፍ እሰጣለሁ ስላት ከንፈሯን ብቻ አጣመመች።

«ለማን? ኃላፊዋ ጡረታ ወጥታ አገሯ ገብታለች። እነዚያ ሰውዬዎችም የሉም። ወረቀቱን ለእኔ ነው የምታሳዪኝ? እኔ የሆነውን አውቃለሁ።»

ስንት ዓመት ሲበላኝ የኖረውን ያን ጊዜ ጠየቅኋት፤ ለምን እንዳልተናገረች። እጇ ሚዛኑ ላይ ቆመ።

«በሆዴ በሶማሊኛ ጨርሼው ነበር» አለች። «አንደኛ እንዲህ፣ ሁለተኛ እንዲህ ብዬ ደርድሬ ነው የገባሁት። ከዛ አንቺ ጥግ ላይ ተቀምጠሻል። አፌን ስከፍት ሳቅሽ መጣብኝ። አማርኛው በሙሉ ጠፋ። ‹እኔ አላደረግኩም› ልል ፈልጌ፣ ‹አላደረገኝም› ብል ትስቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። እጄ ተቃጥሎ እሱን አልፈራሁም፤ ያንን ፈራሁ።»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እዚያ ጆንያ መሃል እንዴት እንዳነሰ ለራሴም ተሰማኝ።

«አላህ ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። «የኔን አትጠብቂ።»

ልሄድ ስዞር ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ከቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ደብተር አቅፋ ሮጣ ገባች። «እማዬ፣ መምህሯ ጽሑፌን ለክፍሉ በሙሉ አነበበችው፤ አጨበጨቡልኝ እኮ!» አለች። አማርኛዋ ጥርት ያለ፣ እንደ ዜና አንባቢ ነው። በሱቁ ጥግ፣ ፍራሽ ላይ፣ ሳላስተውላቸው የቆየሁ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ የባለሱቋ እናት ናቸው። በቅርቡ ከገጠር መጥተው እነሱ ጋ መኖር እንደጀመሩ በኋላ ሰማሁ። እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘርግተው በሶማሊኛ ረጋ ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ሰማቻቸው፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ምን አለችኝ?»

እናቷ እኔን ሳታይ ተረጎመችላት። «ነይ ጠጋ በይ፣ ፊትሽ በደንብ አይታየኝም ነው የምትልሽ።»

ልጅቷ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ባለሱቋ ያልተጠየቀችውን፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ባልለየ ድምፅ መለሰች፤ «ከተወለደች ጀምሮ አማርኛ ብቻ ነው ያናገርኳት። ማንም እንዳይስቅባት።»

አሮጊቷ የልጅቷን ጉንጭ በመዳፋቸው ይዘው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ስለ ግመሎች፣ ስለ አንድ ጉድጓድ፣ ስለ እናታቸው የሚያወሩ መሰለኝ፤ እኔ እንኳ እዚህም እዚያም ቃል እለቅም ነበር። ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ ያልገባትን ሁሉ ራሷን በጨዋነት እየነቀነቀች ትሰማቸው ነበር።